«አሳድጉልኝ አልኩ እንጂ ልጄ አይደለችም አላልኩም»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ባለፈው እትም ላይ «ልጅን ለውጭ ሀገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል» ብዬ በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ግን ነገሩ በአንድ አረፍተ ነገር የሚታለፍ እንዳልሆነ አሳየኝ። ስለዚ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ከመጡት ውስጥ አራቱን መርጫለሁ፣ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ይሄን የምጽፈው እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየነገረችኝ ነው፣ አዘዞ ነው የምንኖረው። በ1999 አባታችን ሲሞት እኔ 11 አመቴ ነበር እህቴ 4 አመቷ፣ እናቴ ጠላ እየሸጠች ነበር የምታኖረን በዛ ላይ ታማ ነበር። በማግስቱ አመት ሰፈራችን የመጡ ሰዎች ልጅሽን አሜሪካ ወስደን እናስተምርልሽ፣ 18 ሲሞላት ትመጣለች፣ ፎቶ በየአመቱ ይላክልሻል አሏት። አዲስ አበባ ወስደዋት ፍርድ ቤት ቀርባ ፈረመች። ሁለት አመት ፎቶ መጣ ከዛ ቀረ፣ ድርጅቱም ተዘግቷል። እህቴ አሁን 22 አመቷ ነው። እናቴ ሶስት ነገር ጠይቅልኝ አለች፣ አሁንም ልጄ ነች ወይ፣ ማስመለስ እችላለሁ ወይ፣ የት ሄጄ ነው የምጠይቀው። እኔ ደግሞ የእናቴን አንድ ቃል ልጨምር፣ «አሳድጉልኝ አልኩ እንጂ ልጄ አይደለችም አላልኩም» ትላለች ሁሌ።

መልስ፦ እትዬ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ልጅዎ ፎቶ አንስቶ የላከልኝን ወረቀት ስልኬ ላይ አስፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ከታች ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራዎ አለ፣ ሲያነሱት ጣትዎ ተንሸራቷል መሰለኝ ወደ ቀኝ በኩል ቀለሙ ተጎትቷል። ከአሻራው በላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በልጅዎ ላይ ያለዎትን መብትና ግዴታ በሙሉ ፈቅደው እንዳስተላለፉ ነው የሚናገረው። ያኔ አንብቦ ያስረዳት ሰው ነበር ወይ ብዬ ልጅዎን ብጠይቀው «እዚህ ጋ ፈርሚ ነው ያሏት» አለኝ።

አሁንም ልጄ ነች ወይ ላሉት፣ አዎ ነች። ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፣ ሕጉ ነው የሚለው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 183 ላይ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ሳይቋረጥ ይቀጥላል ይላል፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነው አሳዳጊው የሚቀድመው። ይሄ ደግሞ እኛ ከምናውቀው ጋር ይሄዳል። እኛ ጋ ማደጎ ሲባል ልጁ ሁለት ቤት አለው ማለት ነው፣ አክስቱ ጋ አድጎ ለፋሲካ እናቱ ቤት ይመጣል። ድሮ የጡት ልጅ የሚባለውም ልማድ፣ አባት የሚሆነው ሰው ጣቱን ማር ነክሮ የሚያጠባው፣ ዘመድ ይጨምርለታል እንጂ የወለደችውን እናት አይቀንስበትም።

ችግሩ አሜሪካ ላይ ጉዲፈቻ እንደዚ አለመሆኑ ነው። እዛ ጉዲፈቻ ካለቀ አለቀ ነው፣ ለልጅቷ አዲስ የልደት ሰርተፍኬት ይወጣል እናትና አባት በሚለው ላይ የአሳዳጊዎቹ ስም ይገባል፣ የወለደቻት እናት በሕግ ፊት ምንም አይደለችም። እና እርስዎ ያንን ወረቀት ሲፈርሙ የሚያስቡት ማደጎ ነበር፣ ወረቀቱን የተቀበሉት ሰዎች ደግሞ አሜሪካ ሆነው የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር፣ ምናልባት እነሱም በቅን ልብ። መሀል ላይ የቆሙት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው ልዩነቱን መናገር የነበረባቸው። እኔ ጥፋቱን የማየው እዛ ላይ ነው፣ ከእርስዎ ላይ አይደለም፣ ይሄን ደግሞ ደጋግሜ ብነግርዎት ደስ ይለኛል ምክንያቱም ልጅዎ እንደነገረኝ «ሸጠች» የሚል የሰፈር ወሬ እስከ ዛሬ እየቆጠቆጠዎት ነው።

ማስመለስ የሚለው ላይ ግን እውነቱን ልንገርዎት። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ወላጅ ስለናፈቀ አይፈርስም። ሕጉ የሚያፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ መያዙን ትቶ እንደ ባሪያ ወይም ለባርነት በቀረበ ሁኔታ ሲይዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ለብልግና ሲያሰማራው፣ ወይም የልጁን የወደፊት ሕይወት በሚጎዳ አኳኋን ሲይዘው ነው። ደግሞ ልጅዎ አሁን ትልቅ ሰው ነች፣ መምጣት አለመምጣቱን የምትወስነው እሷ ነች። ስለዚ ጥያቄው ማስመለስ መሆኑ ቀርቶ መገናኘት ይሁን፣ እሱ ደግሞ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ተገናኝቷል።

የት ነው የምጠይቀው ላሉት፣ ወረቀቱ አናት ላይ በቀኝ በኩል በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ እሱ የመዝገብ ቁጥር ነው፣ ከወርቅ በላይ ያዙት። የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ያኔ የሚጸድቀው አዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር፣ እዛ በመዝገብ ቁጥሩ የውሳኔውን ግልባጭ መጠየቅ ይችላሉ፣ ውሳኔው ላይ የአሳዳጊዎቹ ሙሉ ስም አለ። ሁለተኛው ቦታ ዛሬ ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚባለው ነው። ይሄን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፣ ኤጀንሲዎቹ ልጁ ከሄደ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በአመት፣ ከዛ 18 እስኪሞላው በየአመቱ ሪፖርት ማስገባት ግዴታቸው ነበር፣ ፎቶ ጭምር። እና ፎቶ እርስዎ ጋ አልደረሰም ማለት ሚኒስቴሩ ጋ አልደረሰም ማለት ላይሆን ይችላል። ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ የቀበሌ መታወቂያዎን፣ የወረቀቱን ኮፒና የልጅቷን የድሮ ስም ይዛችሁ ፋይሉን ጠይቁ። በቃል ሄዶ መጠየቅ አይሰራም፣ ገቢ የተደረገበት ቁጥር ያለው ማመልከቻ ይሁን።

ከዛ ውጭ «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል ልጆቹም እናቶቹም በነፃ የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት አለ፣ ልጅዎ በስልኩ ሊሞላልዎ ይችላል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ልጆች አሁን ራሳቸው 20 እና 25 አመት እየሞላቸው እናታቸውን እየፈለጉ ነው፣ ምናልባት እሷም ከወዲያ በኩል እየፈለገችዎት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ «አገኝልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አይስጡት። የልጅቷን ፎቶና ስም ፌስቡክ ላይ ከመበተናችሁ በፊትም አስቡበት፣ እሷ ምን እንደምታውቅ ምን እንደተነገራት እኛ አናውቅም፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በጓደኞቿ ፊት ከማንበብ ብቻዋን ብታነበው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ባለፈው የጻፉትን አንብቤ ተናድጃለሁ። በሬ ላይ በየቀኑ ጫማ የሚጠርጉ፣ ማታ በረንዳ ላይ የሚተኙ ልጆች አያለሁ፣ ክረምት ላይ የጎንደርን ብርድ ያውቁታል። አሜሪካ ሄደው ዶክተር የሆኑ አሉ። አንድ ሁለት መጥፎ ታሪክ ተሰማ ብሎ ለሁሉም በሩን መዝጋት ምን አይነት ፖሊሲ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትዎን አከብረዋለሁ፣ ከልጆቹ አጠገብ የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ግን በሩ እንዴት እንደተዘጋ ልንገርዎት፣ አንድ ቀን ተነስተው አይደለም የዘጉት።

በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ልጅ በመላክ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች፣ በዛ አንድ አመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጅ ነው የሄደው። ከ1999 እስከ መዝጊያው ደግሞ በነሱ አቆጣጠር ከ15 ሺህ በላይ። አሳዳጊው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፣ ያ ብር ደግሞ ደሃ ሀገር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰራ ነጋዴ ስለሆኑ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ፈላጊ ሲበዛ አቅራቢ ይፈጠራል። በእኛ አቆጣጠር በ2003 መጋቢት ላይ ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ያይ የነበረውን ፋይል ወደ 5 አወረደው፣ ሰነዶቹን በደንብ ማየት አልተቻለም ብሎ። በፈረንጆቹ 2014 የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር ራሱ የአንድ ኤጀንሲ ሰዎችን በኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርባችኋል ብሎ ከሷል፣ ጥፋተኛነታቸውን ያመኑም ነበሩ። በእኛ በ2003 ግንቦት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንዲት ከእኛ የሄደች ታዳጊ ብርድ ላይ ጓሮ ውስጥ ሞተች፣ አሳዳጊ እናቷ 37 አመት ባልየው ወደ 28 አመት ተፈረደባቸው። ይሄን ጉዳይ ፓርላማችን ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

ከዛ ሚያዝያ 2009 ላይ መንግስት ሁሉንም አገደ፣ ጥር 1 ቀን 2010 ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሻለ፣ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ነው፣ የውጭ ሀገር ሰው የሚያሳድግበትን ክፍል ከሕጉ አወጣው። ያኔም እርስዎ ያሉትን ያነሱ የፓርላማ አባላት ነበሩ፣ ሀገር ውስጥ በቂ ማሳደጊያ የለንም ብለው። ትክክል ነበሩ።

እኔ ግን ከእርስዎ የምለይበት ቦታ አለ። «ወላጅ አልባ» የሚለው ቁጥር ሲቆጠር አንድ ወላጁ የሞተበትም ይገባል፣ እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ ማለት ነው። ከሄዱት ብዙዎቹ በረንዳ ላይ ያደሩ አልነበሩም፣ እናት ያላቸው፣ ቤት ያላቸው፣ ብር ያጠራቸው ነበሩ፣ ከላይ የጻፉልን የአዘዞዋ እናት አይነት። እኔ ያኔ አዲስ የተመረቅኩ የሕግ ባለሙያ ነበርኩ፣ ለስራ አዲስ አበባ ልሄድ ከሌሊቱ 11 ሰአት አውቶብስ ተራ ስደርስ ከገጠር የመጡ ሶስት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወረፋ ይዘው አየሁ፣ አንዷ የልጇን እግር ነጠላ ውስጥ እየጠቀለለች «ለችሎት ነው» አለችኝ። የት ችሎት ብላት አታውቀውም፣ ሰውየው ያውቃል አለች። ሰውየው ሻይ ቤት ነበር። የቲኬቷን ዋጋ፣ የምሳዋን ብር የከፈለው እሱ ነው። ያንን ሁሉ ብር ለትኬትና ለምሳ ለሰነድ ያወጣ ድርጅት አንድ ፍየልና የአንድ አመት የትምህርት ቤት ወጪ ቢሰጣት ልጇን አዝላ አትመጣም ነበር፣ ይሄንን ነው ከጭንቅላቴ ማውጣት ያቃተኝ።

ሕጎቹ እኮ ያኔም ነበሩ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር አንቀጽ 24 የውጭ ጉዲፈቻ ሌላ ምንም መፍትሄ ሲጠፋ የመጨረሻው አማራጭ ነው ይላል፣ የሚሰጠውም የሕፃናት መብት ኮንቬንሽንን ወይም ቻርተሩን ለተቀበለ ሀገር ነው ይላል። አሜሪካ ኮንቬንሽኑን እስከ ዛሬ አላጸደቀችም፣ ብዙው ልጃችን የሄደው ግን እዛው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ ሄግ ላይ የወጣው የሀገራት የጉዲፈቻ ስምምነት ደግሞ ላኪውም ተቀባዩም መንግስት አንድ ማእከላዊ ባለስልጣን አቋቁሞ እንዲተያዩ ያስገድዳል፣ ከሀገር ውስጥ ቤተሰብ መፈለጉ እንዲረጋገጥ፣ እናት ፈቃዷን ያለ ብር ያለ ግፊት መስጠቷ እንዲጣራ ይላል። እኛ እሱን አልፈረምንም ነበር። እኔ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን ፈርመን፣ ደላላውን አስረን፣ በሩን በቁልፍ የሚከፈት እናድርገው ነበር የምለው። ያ ስላልሆነ ግን ክልከላውን እደግፋለሁ።

የእርስዎ በረንዳ ላይ ያሉት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ መንግስት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ ያደርጋል፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ተቋም ያበረታታል ይላል። በ2010 በሩን ስንዘጋ ይሄኛውን መክፈት ነበረብን፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ የሚባል ነገር እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው የሞላው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ይዩት።

ጥያቄ፦ ማራኪ ነው የምንኖረው፣ ከተጋባን 10 አመት ሆነን ልጅ አልሰጠንም። ሕፃን ወስደን ማሳደግ እንፈልጋለን። ጎረቤት «ጉዲፈቻ ተዘግቷል» ይለናል፣ ሌላው ደግሞ «አንዷን ልጅ የምትተው ሴት ፈልጉና ወልጄ ነው ብላችሁ የልደት ካርድ አውጡ» ይለናል። የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። የተዘጋው ለውጭ ሀገር ሰው ነው፣ ለእናንተ በሰፊው ክፍት ነው። የሁለተኛው ምክር ግን ወንጀል ነው፣ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ልጁ አድጎ እውነቱን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ የሚሆነውን ደግሞ አስቡት፣ ጎንደር ውስጥ ሚስጥር ስንት አመት ይቆያል? እህቴ ሆድሽ ላይ ጨርቅ አስረሽ ዘጠኝ ወር መዞር ያሰብሽ እንደሆነ (አንቺ አላልሽም፣ ግን ያደረጉ አውቃለሁ) አታድርጊው።

እዚህ የሚሰራው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ አካሄዱ ከፌዴራሉ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ክፍለ ከተማችሁ ወይም ከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሂዱ፣ ልጅ በተቋም የሚያሳድጉትን ጭምር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እድሜ 25 ከሞላችሁ ይበቃል፣ ባልና ሚስት ስለሆናችሁ አብራችሁ ነው የምታመለክቱት። የጋብቻ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና፣ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቋችኋል፣ ቤታችሁ መጥተው ያያሉ ጎረቤት ይጠይቃሉ። አትሸማቀቁ፣ ይሄን ማጣራት ያጣነው ጊዜ ነው ልጆቻችን የጠፉት። የልጁ ወላጅ ካለ ፈቃዱን ይሰጣል፣ ከዛ ውሉ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውሉ ዋጋ የለውም፣ ዳኛው የሚያየው አንድ ነገር ነው፣ ለልጁ ይጠቅመዋል ወይ። ከጸደቀ በኋላ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ በአዋጅ 760/2004 ጉዲፈቻም እንደ ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብ ኩነት ነው። ከዛ ልጃችሁ ነው፣ ውርስም ከእናንተ እንደ ተወለደ ልጅ ይወርሳል፣ በዛ ላይ ዘመድ መጥቶ «ደሙ አይደለም» ቢል በሕግ አይሰማም።

የውሳኔውን ኮፒና የልጁን የመጀመሪያ ስም፣ ከየት እንደመጣ የሚገልጸውን ወረቀት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡለት። አንድ ቀን ይጠይቃችኋል።

ጥያቄ፦ ከደምቢያ ነኝ። ወንድሜና ሚስቱ በተለያየ ጊዜ አረፉ፣ መንታ ልጆቻቸው እኔ ጋ ናቸው 6 አመታቸው ነው። አንድ ሰው ጎንደር ካፌ ውስጥ አገናኙኝና «ጉዲፈቻ አይደለም፣ ስፖንሰር ነው፣ ካናዳ ሄደው ይማራሉ፣ አንተም ትረዳለህ» ብሎ ፎርም ሰጠኝ፣ 40 ሺህ ብር ለፕሮሰስ አለኝ፣ ፈርም አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይፈርሙ፣ ብሩንም አይስጡ። ስሙን ስፖንሰር ቢለውም ቪዛ ቢለውም ልጆቹን ለውጭ ሀገር ቤተሰብ አሳልፎ መስጠት ከሆነ ከ2010 ጀምሮ ሕጋዊ መንገድ የለውም፣ ሕጋዊ መንገድ ሳይኖር ልጅ ለማሻገር ብር የሚቀበል ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድና በሕገወጥ መንገድ ሰው ማሻገር ሊጠየቅ ይችላል፣ እርስዎም ፊርማዎ ካለበት አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ። የሚረዳ ድርጅት እውነተኛ ከሆነ ልጆቹ ደምቢያ እያሉ ደብተርና ዩኒፎርም ይረዳቸዋል፣ ለመርዳት ባህር መሻገር የለባቸውም።

እርስዎ የልጆቹ አጎት ነዎት፣ ፍርድ ቤት ሄደው የሞግዚትነት ማስረጃ ያውጡ፣ ያለሱ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም የአባታቸው መሬት ላይም ጣጣ ይመጣብዎታል። ጠበቃ መክፈል ካልቻሉ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ማመልከቻውን ይጽፉልዎታል። ያንን ፎርም ግን አይቅደዱት፣ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ጀርባው ላይ ይጻፉበትና ፖሊስ ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ፣ እርስዎ ጋ የመጣ ሰው ሌላ ቤትም ሄዷል።